«የሚሆን አይመስለኝም» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሥራ ላስረክብ ስል አንዲት እናት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግራ ዳሌያቸውን በእጃቸው ደግፈው አየኋቸው። አንደኛው ነጠላ ጫማቸው ተገልብጦ አልጋው ሥር ገብቷል። የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ምን እንደሆኑ ሊነግሩኝ አልቻሉም። ለነርሷ «አይ ዳውት ሺ ፌል» አልኳት። በልቤ የያዝኩት «ወድቀው እንዳይሆን እጠራጠራለሁ» የሚለውን ነበር። እሷ የሰማችው ግን «የወደቁ አይመስለኝም» የሚል ነው። መዝገቡ ላይም ይኸው ተጻፈ። ራጅ የተነሱት በማግሥቱ ሲሆን ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር።

አንድን ነገር «ይሆናል ብዬ አልጠብቅም» ለማለት እንግሊዝኛ ብዙ መንገድ አለው። ከዚህ በታች ያለው እኔ ከዚያች ሌሊት በኋላ ቃል በቃል እየለቀምኩ የተማርኩት ቅደም ተከተል ነው።

1. መጀመሪያ በአማርኛ ይወስኑ

አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት ነገሩ «ዘበት» ነው ወይስ «የመሆን ዕድሉ ጠባብ» የሚለውን ይለዩ። ፈጽሞ የማይሆነው «ኢምፖሲብል» ነው። ሊሆን የሚችል፣ ግን የማይጠበቅ ከሆነ «አንላይክሊ» ይባላል። እጅግ የማይጠበቅ ሲሆን «ሃይሊ አንላይክሊ» ወይም «ቬሪ አንላይክሊ» ይሉታል።

ልዩነቱን አቅልለው አይዩት። የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች በ2015 በወጣ መመሪያ ለእነዚህ ቃላት ቁጥር ሰጥተዋቸዋል፦ «አንላይክሊ» ከ20 እስከ 45 በመቶ፣ «ቬሪ አንላይክሊ» ከ5 እስከ 20 በመቶ፣ «ኦልሞስት ኖ ቻንስ» (ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል) ከ1 እስከ 5 በመቶ። ወደዚህ የገፋፋቸው የቆየ ችግር ነው። በ1951 የሲአይኤ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ልትወረር የምትችልበትን ሁኔታ «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (በቀላሉ የማይታይ ዕድል) ብለው ጻፉ። ከተንታኞቹ አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት በኋላ ባልደረቦቹን ምን ማለታችሁ ነበር ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዱ 20 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ አሰበ። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲህ ከተለያዩ፣ እኛ ቃሉን በጥንቃቄ ብንመርጥ የሚያሳፍር አይደለም። ስለዚህ ሐኪም «አንላይክሊ» ካለዎት አይሆንም አላለዎትም፤ ቁጥሩን ይጠይቁት። በአውሮፓ የመድኃኒት መግለጫ ወረቀቶች ላይም «ቬሪ ሬር» (እጅግ ከስንት አንዴ) የሚለው ቃል የጎንዮሽ ጉዳቱ ከ10,000 ሰዎች ከ1 ባነሰ ሰው ላይ የሚታይ ነው ማለት ነው።

2. «አይመስለኝም»ን እንዳለ ይውሰዱት

ይህ ቀላል ነው። አማርኛችን «የምትመጣ አይመስለኝም» ይላል፤ አሉታው «መሰለ» ላይ ነው። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው፦ «አይ ዶንት ቲንክ ሺ ዊል ካም»። «አይ ቲንክ ሺ ዊል ኖት ካም» ማለት ስህተት ባይሆንም ለጆሮ ይከብዳል።

3. «ዳውት» እና «ሰስፔክት»

እኔ የወደቅኩበት ቦታ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አማርኛው «እጠራጠራለሁ» ሁለት ፊት አለው። «መምጣቱን እጠራጠራለሁ» ስንል አይመጣም ማለታችን ነው። «ሰርቆ እንዳይሆን እጠራጠራለሁ» ስንል ግን ሳይሰርቅ አይቀርም ማለታችን ነው። አንድ ቃል ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፤ እኛ ግን ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ስለምንረዳው ልዩነቱን ልብ አንለውም። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለቱን ለሁለት ቃል አካፍሏቸዋል። «ዳውት» የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል፣ «ሰስፔክት» ሁለተኛውን።

የማስታወሻ ዘዴዬ ከቤታችን የተወሰደ ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል። ስንጥሩ አለ ብለህ አስብ ነው የሚለው። ይህ «ሰስፔክት» ነው። ጋዜጣ ላይ የምናነበው «ተጠርጣሪ»ም ፖሊስ አድርጎታል ብሎ የሚያስበው ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ ሆኗል ብለው ከሠጉ «አይ ሰስፔክት ሺ ፌል» ይበሉ። አልሆነም ብለው ካሰቡ ብቻ «አይ ዳውት»ን ያውጡ።

ዐረፍተ ነገሩን ከመናገርዎ በፊት እንዲህ ይፈትሹት፦ በ«ዳውት» ቦታ «አይመስለኝም»ን፣ በ«ሰስፔክት» ቦታ ደግሞ «ሳይሆን አይቀርም»ን ያስገቡ። ትርጉሙ ካልገጠመ ቃሉን ይለውጡ። በተረፈ «ኖ ዳውት» ጥርጥር የለውም ማለት ነው፤ «አይ ሃቭ ማይ ዳውትስ» ደግሞ ልቤ አልተቀበለውም እንደማለት ነው።

የኪስ መዝገበ ቃላትና የስልክ መተርጎሚያ እዚህ ላይ አይጠቅሙም ባይ ነኝ። እኔ የያዝኩት «ዳውት፦ መጠራጠር» ብሎ አልፎታል፤ ያሳሳተኝም እሱ ነው። ለተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚያብራራና ምሳሌ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ይግዙ። አቋራጭ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከልቤ የምመክረው አለ፦ ሁለቱ ቃላት እስኪለዩልዎ ድረስ ሁለቱንም ይተዋቸው። «አይ ቲንክ ሺ ፌል፣ በት አይ አም ኖት ሹር»፣ ማለትም የወደቁ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይበሉ። እኔ ከስድስት ወር በላይ እንደዚህ ብቻ ነው የተናገርኩት።

4. ትንሿን «ኧ» ይስሟት

«ዜር ኢዝ ሊትል ሆፕ» እና «ዜር ኢዝ ኧ ሊትል ሆፕ» በአንዲት ድምፅ ብቻ ይለያያሉ። የመጀመሪያው «እምብዛም ተስፋ የለውም» ነው፤ ሁለተኛው «ጥቂት ተስፋ አለው»። «ፊው» እና «ኧ ፊው»ም እንዲሁ ናቸው። የታማሚ ልጆች የመጀመሪያውን ሰምተው «ተመስገን፣ ትንሽ ተስፋ አለ ተባልን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለቤተሰብ የሚያስተረጉሙ ከሆነ አያልፉት፤ «ዱ ዩ ሚን ሺ ዊል ፕሮባብሊ ኖት ሪከቨር?»፣ ማለትም የሚድኑ አይመስልም ማለትዎ ነው? ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። መጠየቁ ይከብዳል፣ ግን ይጠይቁ።

5. ፈሊጦቹን በየቦታቸው

«ስሊም» ቀጭን፣ «ፋት» ወፍራም ነው፤ «ስሊም ቻንስ» እና «ፋት ቻንስ» ግን ሁለቱም ዕድሉ የለም የሚሉ ናቸው። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ቁም ነገር፣ ሁለተኛው ፌዝ መሆኑ ነው። አለቃዎን «ፋት ቻንስ» ካሉት ተሳልቀውበታል። «ዌን ፒግስ ፍላይ»፣ ማለትም አሳማ ሲበር፣ በወዳጅ መካከል ብቻ የሚባል ነው። ሲኦል ውስጥ የበረዶ ድቡልቡል ያለውን ዕድል የሚያነሳውን አባባል ሥራ ቦታ ጨርሶ አያምጡት።

«ዋንስ ኢን ኧ ብሉ ሙን» ከእነዚህ ጋር ይመደባል ብለው አይሳሳቱ። «ብሉ ሙን» የሚባለው በአንድ የፈረንጆች ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የምትታይ ሙሉ ጨረቃ ናት፤ በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ አንዴ ትመጣለች። አባባሉ «አልፎ አልፎ፣ ከስንት አንዴ» ነው እንጂ «በጭራሽ» አይደለም።

ከሁሉ የምወደው «ኢትስ ኧ ሎንግ ሾት» የሚለውን ነው። ከሩቅ የተተኮሰ ጥይት ዒላማውን የመምታት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ተተኩሷል። ዲቪ የሞላ ሰው ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም እሞክራለሁ ለማለት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፦ «ኢትስ ኧ ሎንግ ሾት፣ በት አይ ዊል አፕላይ»።

6. «ከሆነ» እና «ቢሆን»

«ሥራውን ካገኘሁ» እና «ሥራውን ባገኝ» ለእኛ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ላይ ተስፋው ይሳሳል። እንግሊዝኛ ይህንን የሚያሳየው ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ በመውሰድ ነው፦ «ኢፍ አይ ጌት ዘ ጆብ» እና «ኢፍ አይ ጎት ዘ ጆብ»። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የመጀመሪያውን ይጠቀሙ።

7. ያዩትን ያስቀድሙ

ይህን የጨመርኩት በመጨረሻ ነው፤ አሁን ግን ከሁሉም በፊት የማደርገው እሱን ነው። የግምት ቃል ከማውጣቴ በፊት ዓይኔ ያየውን እናገራለሁ። የርክክብ ማስታወሻዬን በሁለት ከፍዬዋለሁ፤ በግራ ያየሁትን፣ በቀኝ የጠረጠርኩትን እጽፋለሁ። የዚያች ሌሊት ገጽ ላይ በግራ በኩል ሊጻፍ የሚገባው ይህ ነበር፦ «ኸር ስሊፐር ኢዝ አንደር ዘ ቤድ፣ አፕሳይድ ዳውን። ሺ ኢዝ ሆልዲንግ ኸር ሌፍት ሂፕ።»