የቆዳ ቀለም የሚባል እርሳስ የለም፦ በማቅለሚያ መጽሐፍ ላይ የሰውን ፊት አቀባብ

ለማረፍ ብሎ ማቅለሚያ መጽሐፍ የያዘ ሰው አበባውንና ቅጠሉን ያለ ችግር ይጨርሳል፤ ፊት ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይያዛል። ወይ ፊቱን ነጭ ትቶ ያልፋል፣ ወይ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን አንዷን ሮዝማ እርሳስ ያነሳል፣ ወይ ቡናማውን ወስዶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይደመድመዋል፤ ፊቱም ጭቃ የተለጠፈበት ይመስላል። ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። የሰው ቆዳ በአንድ እርሳስ አይመጣም፤ በአራትና በአምስት ስስ ዙር ቀስ እያለ ነው የሚበስለው።

«የቆዳ ቀለም» የሚለው አጠራር ራሱ ብዙ አሳስቷል። ክሬዮላ የተባለው የከለር አምራች አንዱን ፈዛዛ ሮዝማ ቀለም ለረጅም ጊዜ «የገላ ቀለም» እያለ ሲሸጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ስሙን ወደ «ኮክ» ቀየረው። በ2020 ደግሞ 24 የተለያዩ የቆዳ ቀለሞችን የያዘ ሳጥን አወጣ። እንዲህ ያለው ሳጥን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የግድ አያስፈልግም። ከልጆች ጋር የምትቀቡ ከሆነ ግን «የቆዳ ቀለሙን አቀብለኝ» ማለቱን ተዉትና እርሳሱን በቀለሙ ጥሩት፤ ክሬሙን፣ ቡናማውን በሉ። ልጁ ያንን ቃል ሰምቶ የሚነሳው እርሳስ የራሱን እጅ የማይመስል ከሆነ የሚማረው ነገር ጥሩ አይደለም።

አማርኛችንም የራሱ ወጥመድ አለው። «ቀይ ናት» ስንል ቀይ እርሳስ የሚያነሳ የለም፤ «ጥቁር ነው» ስንል ግን የብዙዎች እጅ በቀጥታ ወደ ጥቁሩ እርሳስ ይሄዳል። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንላቸው ሁሉ ለቀቢ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሰው ቆዳ ቀለሙን በዋናነት የሚያገኘው ሜላኒን ከሚባለው ንጥረ ነገርና ከቆዳው ሥር ከሚሄደው ደም ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ብርቱካናማ መሠረት ይሰጣሉ፤ ሜላኒኑ ሲበዛ ብርቱካናማው እየጠቆረ ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ማለት የጠቆረ ብርቱካናማ ማለት ነው። ይህችን ከያዛችሁ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

ወረቀቱ

መጽሐፉን ከመምረጣችሁ በፊት አንዱን ገጽ በጣታችሁ ዳብሱት። የሚያዳልጥና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተዉት፤ እርሳስ የሚይዘው የወረቀቱ ሻካራነት ነው። የተለመደው የቢሮ ማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ እሱ ሁለት ሦስት ዙር ከያዘ በኋላ ይሞላና ቀለሙ ላዩ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ለፊት 120 ግራም፣ ቢቻል 150 ግራም የሆነውን ምረጡ። በአንድ በኩል ብቻ የታተመ ገጽ ደግሞ ይመረጣል፤ በጀርባው ሌላ ሥዕል ካለ፣ ስትጫኑ እዚያኛው ላይ ያለው ቀለም ከሥሩ ወዳለው ገጽ ይታተማል። ማርከር የምትጠቀሙ ከሆነ በአልኮል የተሠራው በስስ ወረቀት ዘልቆ ስለሚወጣ ከገጹ ሥር ወፍራም ወረቀት አስገቡ።

ሥዕሎቹንም እዩ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አፍንጫ፣ አንድ ዓይነት ከንፈርና አንድ ዓይነት ፀጉር ካላቸው፣ ቡናማ መቀባቱ ብቻ ሌላ ሰው አያደርጋቸውም። የተለያየ መልክ ያለበትን መጽሐፍ ፈልጉ፤ ፀጉሩ እንዴት እንደተሠራ፣ ከንፈሩ እንዴት እንደተነደፈ ተመልከቱ። ጥላው አስቀድሞ በግራጫ የታተመባቸው መጻሕፍትም አሉ፤ ለጠቆረ ቆዳ ያግዛሉ፣ ለፈካው ግን ግራጫው ከሥር እየታየ ያደፈ ያስመስለዋል።

ስድስት እርሳስ ይበቃል

ክሬም፣ ቢጫ ያዘለ ፈዛዛ ቡናማ፣ ብርቱካናማ፣ የጡብ ቀለም ያለው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጥቁር ቡናማ፣ እና ለጥላ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ። ጥቁሩን እርሳስ ለዓይን ብሌን አቆዩት፤ ከቆዳው አርቁት።

የእርሳሱ ዓይነት ልዩነት አለው። በሰም የተሠራው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደባለቃል፣ ጫፉም ቶሎ ይደንዛል። በዘይት የተሠራው ጠንከር ይላል፣ ሹል ጫፉን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ለዓይንና ለከንፈር ጠርዝ ይመቻል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ መቀላቀል ይቻላል። እርሳሱ በተቀረጸ ቁጥር ጫፉ እየተሰበረ ካስቸገረ መጀመሪያ መቅረጫውን ቀይሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የደነዘዘው ምላጭ ነው። አዲስ መቅረጫም ካልፈታው እርሳሱ ወድቆ ውስጡ ተሰባብሯል ማለት ነው።

ከመጽሐፉ ጀርባ፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ፣ 2 ሴንቲሜትር በ2 ሴንቲሜትር የሆኑ ሣጥኖች አስምሩና ቀለሞቹን እየደራረባችሁ ሞክሩ። ከየሣጥኑ ሥር ቅደም ተከተሉን ጻፉ፤ ቢጫው ከሥር ሲሆንና ከላይ ሲሆን የሚሰጠው ቀለም አንድ አይደለም። ሙከራውን በቀን ብርሃን አድርጉት። በቢጫ አምፖል ሥር ክሬሙና ፈዛዛው ቢጫ ከነጩ ወረቀት ጋር ይመሳሰሉና ሳታውቁት ታበዙታላችሁ፤ ጠዋት ስታዩት ፊቱ ወይቦ ይጠብቃችኋል።

ጠቆር ያለውን ፊት እንቀባ

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ወስኑና በገጹ ጠርዝ ላይ በስሱ ቀስት አድርጉ። ከላይ በግራ ነው እንበል። የግንባሩ መካከል፣ የጉንጩ አጥንት ጫፍ፣ የአፍንጫው ድልድይ፣ የታችኛው ከንፈር መሐልና የአገጩ ጉልላት ብርሃን ያገኛሉ። ከመንጋጋው ሥር፣ ከከንፈሩ በታች ያለው ጎድጓዳ፣ የአፍንጫው ቀኝ ጎንና ፀጉሩ የሚጀምርበት ጠርዝ ጥላ ውስጥ ናቸው።

ቢጫ ያዘለውን ፈዛዛ ቡናማ ከጫፉ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ያዙት፤ እጅ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጉልበቱ ይቀንሳል። በጣም ትናንሽ ክቦች እየሠራችሁ ፊቱን በሙሉ፣ ብርሃን ያለበትንም ጨምሮ፣ ሸፍኑ። ነጩ ወረቀት ገና ብቅ ብቅ ማለት አለበት፤ ካልታየ ተጭናችኋል። ቀጥሎ ብርቱካናማውን ከአምስቱ የብርሃን ቦታዎች በስተቀር በሁሉም ላይ አሳርፉ። በዚህ ጊዜ ፊቱ የተጋነነ፣ ካሮት የመሰለ ይሆናል። አትደንግጡ፣ አታጥፉትም፤ ለቆዳው ሙቀት የሚሰጠው እሱ ነው፣ ከሥር ሆኖ ይሠራል።

አሁን የጡቡ ቀለም ይምጣ። ጉንጩን በቅርብ እንየው። ከጆሮው ግድም ጀምራችሁ ወደ ጉንጩ አጥንት ስትመጡ እጃችሁን እያቀለላችሁ ኑ፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ሳትነካ ትቅር። ጠርዟ በመስመር አይለቅ፣ ክቦቹ እየሳሱ ይጥፉ። ከዚያ ወደ አፍ ጥግ ስትወርዱ መልሳችሁ ጠንከር አድርጉ። አፍንጫና ጆሮ ደም የሚበዛባቸው ቦታዎች ስለሆኑ እዚያ አንድ ዙር ጨምሩ።

ጥቁር ቡናማው በጥላው በኩል ሁለት ዙር፣ በቀረው ላይ አንድ ስስ ዙር ይበቃዋል። በመጨረሻ ጥቁር ሰማያዊውን በጥላው ላይ ብቻ፣ በጣም በስሱ። ሰማያዊ የብርቱካናማ ተቃራኒ ስለሆነ ቀለሙን ሳይገድል ያጠቁረዋል። ወዲያውኑ የጡቡን ቀለም በላዩ አሳልፉበት፤ ሰማያዊው ወደ ውስጥ ይሰምጥና ጥልቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጥቁር እርሳስ ይህን አያደርግም። ከሥሩ ያለውን ሙቀት ሁሉ ውጦ ቆዳውን አመድ ያስመስለዋል፤ ጠቆር ባለ ፊት ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ነጭ እርሳስ ነው። በጥቁር ቡናማ ላይ ነጭ ስትቀቡ ብርሃን አይሆንም፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ብርሃኑ አስቀድማችሁ ያስቀራችኋት ያቺ ቦታ ናት። ከቤት ውጭ ያለ ሰው ከሆነ በእሷ ላይ እጅግ ፈዛዛ ሰማያዊ ጣል አድርጉባት፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ወዙ ጎልቶ ስለሚታይ የሰማዩን ቀለም ያሳያል።

ለጠይም ፊት ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ጥቁር ቡናማው ግን ከጥላው አይውጣ፣ ሰማያዊውም በሐምራዊ ይተካ። ለፈካ ቆዳ በክሬም ጀምሩ፣ ቢጫ ያዘለውን ቡናማ አሳሱት፣ ለጉንጭና ለአፍንጫ ጫፍ ብርቱካናማውን ከጥቂት የጡብ ቀለም ጋር። ጥላውን በግራጫ አትሥሩት፣ የታመመ ያስመስለዋል፤ የጡብ ቀለምና ትንሽ ሐምራዊ ይሻላል።

መዳፍ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጠቆር ያለ ሰው መዳፉ ከእጁ ጀርባ በብዙ ይፈካል፣ ቀላ ይላል፤ መስመሮቹ ግን ጠቆር ይላሉ። ስለዚህ መዳፉን ብርቱካናማው ላይ አቁሙና መስመሮቹን በሹል ጥቁር ቡናማ አስምሩ። የዓይን ነጭም ነጭ አይደለም፤ ከላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ትንሽ ጥላ ካልገባበት ዓይኑ የተበለጠጠ ይሆናል።

ሲበላሽ

ቀለሙ አልይዝ ብሎ ከተንሸራተተ ወረቀቱ ሞልቷል። የተጠቀለለ ማጣበቂያ ፕላስተር ወይም የሚለጠጥ ላጲስ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ቀለሙን አንሡለት፤ በተለመደው ላጲስ ስትፈትጉት ይለቀልቃል እንጂ አይለቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቆር ባለው ፊት ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ሰሙ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ሳትጫኑ ጥረጉት፣ ከዚያም ቀለም የሚያጸናውን ርጭት ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በስሱ እርጩበት። ከእጃችሁ ሥር ሁልጊዜ ንጹሕ ወረቀት ይኑር፤ የእጅ ወዝ ወረቀቱ ላይ ካረፈ ቀለሙ እኩል አይይዝም።

ለዕረፍት ከሆነ

እ.ኤ.አ. በ2005 ናንሲ ከሪና ቲም ካሰር 84 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለ20 ደቂቃ አስቀብተው ነበር። የተነደፈ ክብ ሥዕል ወይም ሣጥን ሣጥን መስመር የቀቡት፣ ባዶ ወረቀት ከተሰጣቸው ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሷል። የሚያሳርፈው ምን ልሥራ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መመለሱ ይመስላል። ለፊት ይህን የሚያደርግላችሁ የሙከራ ሣጥኑ ነው። ስድስቱን እርሳስ ቀርጻችሁ በተራቸው ደርድሩ፣ ቅደም ተከተሉን ፊት ለፊታችሁ አድርጉ፣ በአንድ መቀመጫ ከሁለት ዙር በላይ አትሂዱ። ጣታችሁ ከነጣ ወይም አውራ ጣታችሁ ከደነዘዘ እየተጫናችሁ ነው፤ እርሳሱን አስቀምጡና የቀረውን ዙር ለነገ አቆዩት።