ጳጉሜን ሳታልፍ፦ የቤተሰብን ዓመት እንዴት እንቁጠር?

የመሥሪያ ቤት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የቤት ዓመት የሚዘጋው ግን በጳጉሜን ነው። አምስት ቀን ብቻ አለች፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ በ2015 እንደሆነችው በ2019ም እንደምትሆነው፣ ስድስት። በብዙ ቤት “እስኪ ስለ ዓመቱ እንነጋገር” የሚባለው በዋዜማው ማታ ነው። ያን ሰዓት እናት ሽንኩርት ላይ ናት፣ አባት ዶሮ ይዞ ከገበያ መግባቱ ነው፣ ልጆች ደጅ ናቸው። ጨዋታው ወይ ይዘለላል ወይ በነቀፌታ ያልቃል። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን ለበዓሉ ተዉና ሥራውን ከጳጉሜን 1 እስከ 4 ጨርሱት።

ጳጉሜን 1 የወረቀት ቀን ናት። ለእያንዳንዱ ሰው ከደብተር አንድ ገጽ ቅደዱና ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ ሲዘረጋ አራት ክፍል ይወጣዋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር በአንደኛው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በሁለተኛው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሦስተኛው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በአራተኛው ይገባል። ጳጉሜን ቦታ የላትም፤ እሷ የመቁጠሪያዋ ጊዜ ናት። በየክፍሉ የሚጻፈው የሆነ ነገር ብቻ ነው። “ዓመቱ ከባድ ነበር” አይጻፍም፤ “ታኅሣሥ፦ የባጃጁ ሞተር ተፈታ፣ የዕቁቡን ሁለት ዙር ተበድረን ጣልን” ይጻፋል። ማንበብና መጻፍ ያልጀመረ ልጅ ይናገር፣ ትልቁ ቃሉን ሳያርም ይጻፍለት።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚያጋጥም ችግር አለ፤ የቅርቡ የሩቁን ይሸፍነዋል። አራተኛው ክፍል በክረምቱ ጭቃና ጉንፋን ሲሞላ የመጀመሪያው ባዶ ይቀራል። ያኔ “በጥቅምት ምን ሆነ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቀን አይታወስም። “ለመስቀል የት ነበርን? ለጥምቀት ማን ታሞ ነበር? ለፋሲካ ማን መጣ?” በሉ። የስልክ ፎቶዎችን ወደ ኋላ መመልከት፣ ከባንክ የመጡ መልእክቶችን ማየት፣ የልጆችን ካርድ ማውጣትም ይረዳል።

ገጹ ሲሞላ ምልክት ይደረግበታል። በራስ ጥረት የተገኘው ይከበባል፣ በራስ ጥፋት የተበላሸው ከሥሩ ይሰመርበታል፣ ከእጃችን ውጭ የሆነው ምንም አይደረግበትም። ይህን ሦስተኛውን አክብሩት። መንገድ ተዘግቶ የቀረ ሠርግ፣ ትምህርት ተቋርጦ የቆመ ክፍል የማንም ስንፍና አይደለም። ባለፉት ዓመታት በእኛ በባሕር ዳር አካባቢ ስንት ወጣት ባልሠራው ጥፋት ራሱን ሲወቅስ ከርሟል። “ይሄ ያንተ አይደለም” የሚለውን ከወላጁ አፍ መስማት አለበት።

ጳጉሜን 2 ማታ ባልና ሚስት ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ገንዘብ በልጆች ፊት አይከፈትም፤ ከተከፈተ ሌላው ጨዋታ ሁሉ ወደ ክርክር ይዞራል። የዕድርና የዕቁብ መዋጮውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ያልተከፈለ ብድሩን አንድ ቦታ ጻፉ። ከዚያ ሳይታሰቡ ከወጡት ወጪዎች ሦስቱን ትልልቆች ለዩ፤ ለከርሞ የሚቀመጠው መጠባበቂያ የሚሰላው ከእነዚህ ነው።

ለጎረምሳ ልጅ ግን ወረቀትም ጠረጴዛም አይበቃም። ፊት ለፊት ስታስቀምጡት “ምንም” ይላችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጣና ነፋስ ሳይነሣ፣ ይዛችሁት በሐይቁ ዳር ተራመዱ። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን ስለማይተያይ ልቡን ይከፍታል። ከክረምቱ የተነሣ መንገዱ ያዳልጣልና ቦት ጫማ አድርጉ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ምንም አትጠይቁ።

ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ናት። ዝናብ ከጣለ ልጆቹ ወጥተው ይታጠቡበት፤ የዕለቱ ዝናብ በረከት ነውና ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎት ይሰበሰባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቡና አፍሉ፤ ሦስቱ ስኒ ጊዜውን ራሱ ይከፍልላችኋል።

በአቦል ሁሉም ወረቀቱን ያነብባል፣ ከትንሹ ልጅ ተጀምሮ። አባት ቀድሞ ካነበበ ሌላው “እኔም እንደ አባዬ” ይልና ያበቃል። ማንም አያርምም፣ “እንዲህ አልነበረም” አይባልም።

በቶና ይቅርታ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። “በማወቅም ባለማወቅም ላስቀየምኳችሁ” የሚለው የተለመደ ቃል ሁሉንም ይሸፍናል፣ አንዱንም አይጠራም። “አጥፍቼ ከሆነ” ደግሞ ጥፋቱን መልሶ ለተበደለው ያሸክመዋል። አንድ የተሰመረበት ነገር መርጣችሁ በስሙ ጥሩት፦ “የካቲት ላይ በእንግዳ ፊት ጮኼብሻለሁ፣ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።” ወላጅ ከጀመረ ልጅ ይከተላል። ማልቀስ ከመጣ ይምጣ፤ ስኒው ይቆይ።

በበረካ ለአዲሱ ዓመት እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። አምስት የያዘ እስከ መስቀል ድረስ እንኳ አይዘልቅም። “ብዙ አነባለሁ” አይሆንም፤ “ማክሰኞና ሐሙስ ከራት በኋላ 20 ደቂቃ” ይሁን። የሚያስታውሰው ሰው ስምም ከጎኑ ይጻፍ። አያት ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ካለ ምርቃቱን እዚህ ላይ ያድርግ።

ጳጉሜን 4 ከቤት ውጭ ያለው ይጠገናል። የተኳረፋችሁት ዘመድ ጋ ስልክ ደውሉ፤ ነገሩ ሥር የሰደደ ከሆነ ብቻችሁን አትሞክሩት፣ ሁለቱ ወገን የሚያከብሩትን ሽማግሌ ላኩ። የዕድር ውዝፍ ካለ ክፈሉ። አጎበሩንም አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ዘርጉና ቀዳዳውን ስፉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም ጀምሮ የወባ ጊዜ ነው፣ በተለይ ለሐይቁ ዳር ሰው።

ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር ሰው ወረቀቱን ያው እንዳለ ይሙላና ለእናቱ ወይም ለቅርብ ጓደኛው በስልክ ያንብብላቸው።

ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ በላስቲክ ከረጢት ክተቷቸው፤ የባሕር ዳር ርጥበት ቀለሙን ያጠፋዋል። ማስቀመጫቸው የቁም ሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ይሁን። የመጀመሪያው መመልከቻ ታኅሣሥ 1 ነው፤ ቀኑን አሁኑኑ በግድግዳው ካላንደር ላይ ክበቡት።