ድቅል ጭራቃችሁ የተሰፋ ይመስላል? የጅባሞራ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ስዕሉን ጨርሳችሁ ለጓደኛ አሳያችሁ። ጓደኛችሁ አየት አደረገና «አሪፍ ነው፤ ግን ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል» አለ። የቱ ጋ እንደሆነ ስትጠይቁት እሱም አያውቀውም።

ይህን አስተያየት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ለጓደኞቼ የዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲ ኤንድ ዲ) ካምፔይን፣ ማለትም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ለምንጫወተው ተከታታይ የምናብ ታሪክ ብዬ ግማሹ ጅብ፣ ግማሹ ጺማም ጥንብ አንሳ የሆነ አውሬ ስስል ወራት ፈጅቶብኛል። ስሙን ጅባሞራ አልኩት። በጣም እወደዋለሁ። ድቅል ጭራቅ ላይ የሚመጣ ችግር ሁሉ እሱ ላይ መጥቷል፤ ስለዚህ በእሱ እያሳየሁ ልሂድ።

ምልክት፦ አንገቱ ላይ ስፌት ያለ ይመስላል

እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ላባና ጸጉሩን ለማዋሃድ ብሩሽ ያነሳል። እኔም እንደዛው አደረግኩ። ስፌቱ ለሰለሰ እንጂ አልጠፋም።

ምክንያቱ ከቆዳው በታች ነበር። ለሁለቱ እንስሳት እኩል ድርሻ ሰጥቻቸው ነበር። ከአንገት በላይ ሙሉ አሞራ፣ ከአንገት በታች ሙሉ ጅብ። እንዲህ ሲሆን ዓይን ድንበሩ ላይ ይቆማል።

መፍትሄው ለገላው አንድ ባለቤት መምረጥ ነው። አጽሙ የአንዱ ይሁን፤ ሌላው እንግዳ ሆኖ ይግባ። የጅባሞራ አጽም የጅብ ነው። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። አንገቱ ከባድ ሥጋ አንጠልጥሎ የሚሄድ ወፍራም አንገት ነው። እዚያ ላይ የአሞራን ትንሽ ጭንቅላት ብታስቀምጡ ያ ሁሉ ጡንቻ ሥራ ፈት ይሆናል። ስለዚህ የራስ ቅሉን አሳደግኩት። የጅቡን የመንጋጋ ጡንቻም ጉንጩ ላይ መለስኩለት። ጅብ አጥንት የሚሰብረው ወደ ኋላ ገባ ባሉት ጥርሶቹ ነው። ስለዚህ ከፊት ምንቃር ሆነ፣ ከኋላ ጥርሱ ቀረ። ምንቃሩ ይዘነጥላል፣ ጥርሱ ይከካል።

ቀጥሎ ሽግግሩ አለ። ሁለቱን እንስሳት አንድ መስመር ላይ አታገናኟቸው። ገላው ላይ በትኗቸው። ጅብ ጀርባው ላይ ጋማ አለው፤ የአሞራው ላባ ወደዚያ ጋማ ገብቶ ቀስ በቀስ ጸጉር እንዲሆን አደረግኩ። የአሞራው ጥቁር ጺም ጅራቱ ጫፍ ላይ በሌላ መልክ ተደገመ። የፊት ጥፍሮቹ ቆልመም አሉ። ከዚያ በኋላ ያ ጓደኛዬ ስለ አንገቱ ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ማስታወሻው ላይ ለዚሁ ነገር ምክር ትቷል። የፈጠራ እንስሳ እውነት እንዲመስል ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ብልት ከእውነተኛ እንስሳ ይምጣ ይላል። ለዘንዶ ለምሳሌ ጭንቅላቱ ከውሻ፣ ዓይኑ ከድመት፣ ጆሮው ከጃርት፣ አንገቱ ከውሃ ኤሊ። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ የምትደቅሏቸው እንስሳት የሚጋሩት ኑሮ ይኑራቸው። ጅብ አጥንት ይበላል። ጺማም ጥንብ አንሳም የሚበላው በብዛት አጥንት ነው፤ ያልዋጠውን ትልቅ አጥንት ከሰማይ አለት ላይ ጥሎ ይሰብረዋል። ሁለቱን ያጋባኋቸው ለዚህ ነው። የጋራ ነገር የሌላቸውን ስትደቅሉ ስፌቱ ሐሳቡ ላይ ስለሚጀምር ብሩሽ አይደርስበትም።

ምልክት፦ ክንፉ ጀርባው ላይ የተጣበቀ ነው

ይሄ ከሁሉም የሚብሰው ነው። ታዋቂ የጌም መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር አየዋለሁ።

የወፍ ክንፍ ክንድ ነው። ትከሻ አለው፣ ክርን አለው፣ የእጅ አንጓ አለው። ክንፉን ወደ ታች የሚጎትተው ትልቁ ጡንቻ ደግሞ ደረት ላይ ነው ያለው፤ ዶሮ የበለታችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ያ ፈረሰኛ የሚባለው ሥጋ ነው። እሱ ጡንቻ የሚያያዘው ከደረት አጥንቱ መሐል እንደ ጀልባ ሆድ ወጣ ያለው ስለት ላይ ነው። አራት እግር ላይ ሁለት ክንፍ ስትጨምሩ ስድስት እጅና እግር ሆነ ማለት ነው፤ ሁለት ጥንድ ትከሻም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ክንፉን ይስልና ትከሻውንም ደረቱንም ይረሳል። የተጣበቀ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ስታርሙት ሁለተኛውን የትከሻ አጥንት ከፊተኛው ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ላይ አድርጉት። ደረቱን አጥልቁት። ከደረቱ ተነስቶ በብብቱ በኩል ወደ ክንፉ የሚሄድ ጡንቻ በግልጽ ይታይ። ይህቺ አንዲት ጡንቻ ብቻ ስዕሉን ግማሽ በግማሽ ታድነዋለች።

ሁለተኛው ምክንያት መጠን ነው። ጺማም ጥንብ አንሳ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2.3 እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ግን ቢበዛ 7 ኪሎ ገደማ ነው። ዥንጉርጉሩ ጅብ ከ45 ኪሎ ጀምሮ 80 ሊገባ ይችላል። ታዲያ የ7 ኪሎን ክንፍ ለ60 ኪሎ ገላ ብትሰጡት ዓይን ወዲያው ይነቃል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም። ማነጻጸሪያ ከፈለጋችሁ፣ በአርጀንቲና ቅሪቱ የተገኘው አርጀንታቪስ የሚባል የጠፋ ወፍ 70 ኪሎ ገደማ እንደነበር ይገመታል። የክንፉ ስፋት ግምት ደግሞ 6 ሜትር አካባቢ ነው። ጅብ የሚያክል ነገር ይበር ካላችሁ ልካችሁ እሱ ነው።

እኔ 6 ሜትሩን ሞከርኩት። ገጹ ሁሉ ክንፍ ሆነና ጅቡ ጠፋ። አስማት ነው ብሎ ማለፍም ይቻላል፤ ጨዋታው ይፈቅዳል። ግን እንዲህ ያለ ችግር ብዙ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ጅባሞራ ከመሬት ተነስቶ መብረር አይችልም አልኩ። ገደል አፋፍ ላይ ይኖራል፤ ዘሎ ይንሳፈፋል። ክንፉ 4 ሜትር በቃው። ሜዳ ላይ የወረደ ጅባሞራ ተራራውን በእግሩ መውጣት አለበት። ይቺ ድክመት ኋላ ላይ ለተጫዋቾቹ ትልቅ ነገር ሆነችላቸው።

ሌላም መንገድ አለ። የፊት እግሩን ራሱን ክንፍ አድርጉት፤ እንደ ሌሊት ወፍ። ያኔ ሁለተኛ ትከሻ አያስፈልግም። ሲራመድ ክንፉን አጥፎ በአንጓው ይረግጣል። ለሚሳብና ለሚንጠላጠል ጭራቅ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው።

ምልክት፦ የኋላ እግሩ ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል

ጉልበት አይደለም፣ ቁርጭምጭሚት ነው። ድብና ሰው ሙሉ እግራቸውን መሬት ላይ ያሳርፋሉ። ውሻ፣ ድመትና ጅብ በጣታቸው ይራመዳሉ፤ ተረከዛቸው አየር ላይ ነው። ፈረስና ፍየል ደግሞ የሚቆሙት በጥፍራቸው ነው ማለት ይቻላል። ወፍም በጣቱ ነው የሚቆመው። እግሩ ግራ ሲያጋባችሁ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን በሦስት የተለያየ ቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉ። ስህተቱ ራሱ ይታያችኋል።

ምልክት፦ ቶክን ላይ ሲያንስ ምን እንደሆነ አይለይም

ቶክን ጭራቁን ወክላ የጨዋታ ሰሌዳው ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ምስል ናት። ስዕሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሙሉትና 2 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ እዩት። ድፍን ነገር ብቻ ከታየ፣ ወይ እንስሳት አብዝታችኋል ወይ ሁሉንም አንድ ቦታ ከምራችኋል።

የእንስሳቱ ቁጥር ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። የግሪኮቹ ኪሜራ ሦስት ናት። ኢሊያድ ውስጥ ከፊት አንበሳ፣ ከኋላ እባብ፣ መሐሏ ፍየል ተብላ ተገልጻለች። ለሦስቱም ቦታ ቦታቸው ተሰጥቷቸዋል። በ1553 ጣሊያን አሬዞ ከተማ የተገኘውንና ዛሬ ፍሎረንስ ያለውን የኤትሩስካኖች የነሐስ ኪሜራ ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት። ገላው በሙሉ የአንበሳ ነው። ፍየሉ ከጀርባው ብቅ ይላል፤ እባቡ ጅራት ነው። ጥላውን ብቻ ብታዩት እንኳን ታውቁታላችሁ።

ከየት በኩል እንደሚታይም አስቡ። የአሦር ቤተ መንግሥት በሮችን የሚጠብቁት ላማሱዎች የሰው ራስ፣ የበሬ ወይም የአንበሳ ገላና ክንፍ አላቸው። ብዙዎቹ አምስት እግር ነው ያላቸው። ከፊት ስታዩዋቸው ቆመዋል፤ ከጎን ስታዩዋቸው ይራመዳሉ። ቀራጩ ሰው በበሩ እንደሚገባ አውቆ ለሁለቱም እይታ ሠራላቸው። ጅባሞራን መጀመሪያ ከጎን ነበር የሳልኩት። ተጫዋቾቹ ግን የሚያዩት ከታች፣ ገደሉ ላይ ሆኖ ነው። አንግሉን ስቀይር ያዘቀዘቀው ጀርባና የተከፈተው ክንፍ ያለምንም ዝርዝር ተለዩ።

ምልክት፦ ያምራል፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ማንም አይፈራውም

የመጀመሪያው ቀን በጣም አዘንኩ። ክንፉን፣ ምንቃሩን፣ ጋማውን ሁሉ በቃል ገለጽኩላቸው። በሁለት ዙር ገደሉት። ስለ እሱ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ስዕሉና ሕጉ አልተገናኙም ነበር። ስታት ብሎኩን (የጭራቁን ጉልበትና ችሎታ የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ) ከተራ ጅብ ገልብጬ የሕይወት ነጥቡን ብቻ ነበር የጨመርኩት። የአንበሳ ገላና የሰው ፊት ያለውን ጭራቅ፣ ማንቲኮርን እዩ። በ2014ቱ የዲ ኤንድ ዲ እትም ጅራቱ ላይ 24 እሾህ አለው። ከሩቅ ይወረውራቸዋል፤ ሲያልቁ ረጅም እረፍት እስኪወስድ አይበቅሉም። ተጫዋች እሾሁን ስዕሉ ላይ ያያል፤ ጨዋታው ላይ ይወጋበታል፤ ስንት ቀረው ብሎ ይቆጥራል።

ግማሹ ጉጉት፣ ግማሹ ድብ የሆነው የዚሁ ጨዋታ ጭራቅ፣ የጉጉት-ድቡ ታሪክም ያስገርመኛል። ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ ለጨዋታ የገዛቸው ሆንግ ኮንግ የተሠሩ ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ከነሱ ውስጥ አንዱ ነው ጉጉት-ድብ የሆነው፤ በ1975 ግሬይሃውክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ታተመ። መነሻው አሻንጉሊት ይሁን እንጂ አኗኗርና ጠባይ ስለተሰጠው እስከ ዛሬ ይኖራል።

ስለዚህ ለጅባሞራ የሚታየውን ብልት ሁሉ ሥራ ሰጠሁት። መንጋጋው ጋሻና ጥሩር ይሰብራል። ጥፍሩ ሰው ይዞ ከአፋፉ ይዘላል፤ ይጥላልም። እውነተኛው ወፍ አጥንት የሚሰብርበት የተመረጠ አለት አለው። ለጅባሞራም ሰጠሁት፤ ነጭ ስብርባሪ የሞላበት ጠፍጣፋ አለት። በቀጣዩ ጨዋታ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ያገኙት ያንን አለት ነው። ከዚያ ከላይ አንድ አጥንት ወድቆ ቋ አለ። ሁሉም ዝም አሉ። አንዷ «ይሄ የምን አጥንት ነው?» ብላ በቀስታ ጠየቀች። አውሬውን ገና አላዩትም ነበር።

ምልክት፦ ከባህል የወሰድኩት ጭራቅ ሰው አስከፋ

ጅብ ስላነሳሁ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን ቡዳ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል የሚል እምነት አለ። ለጌም ደግሞ በጣም የሚስብ ሐሳብ ነው። ግን ያ ስም የተለጠፈው አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ላይ ነው። ቤተ እስራኤሎችም ላይ ተለጥፏል። ሰዎች በዚህ ስም ተገልለዋል፤ ጉዳቱም የቆየ ተረት ብቻ አይደለም። ቀን አንጥረኛ፣ ማታ ጅብ የሆነ ጠላት ስትፈጥሩ ያንን ክስ በአዲስ ስዕል እየደገማችሁት ነው።

ጅቡን መተው የለባችሁም። ክሱን ተዉት። ድምፁን፣ አረማመዱን፣ የሌሊት ዓይኑን ከራሱ ከእንስሳው ውሰዱ። ሐረር የሄደ ሰው ማታ ጅቦቹ ሲመገቡ በቅርብ ማየት ይችላል፤ ከዚያ የበለጠ ሪፈረንስ የለም። ወደ ጅብ የሚቀየር ሰው የግድ ካስፈለጋችሁም ሙያና ዘር አታስጠጉበት።

ምልክት፦ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ሲታተም ጨለማ ነው

የማተሚያ ቀለም የስክሪንን ድምቀት አይደርስበትም። ከመላካችሁ በፊት ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ (ማተሚያ ቤት ወደሚጠቀምበት የቀለም ዓይነት) ቀይራችሁ እዩት፤ ጥራቱም በመታተሚያው መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ስዕሉን ግራጫ አድርጉት። ብርሃን፣ መካከለኛና ጥቁር ሦስቱም ካልተለዩ ቀለም አያድነውም።

የጅባሞራ ችግርም ይኸው ነበር። ቡናማ በቡናማ ላይ ሆኖ ነበር። መፍትሄውን ያገኘሁት እዚያው ወፉ ላይ ነው። ጺማም ጥንብ አንሳ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየታጠበ ነጭ የደረት ላባውን ዝገት ያስመስለዋል። ደረቱን በዚያ ቀለም አበራሁት፤ የጅቡም ሆድ ከዚያው ጭቃ ደረሰው። ጀርባው ጠቆረ። ዓይኑ ዙሪያ ያለውን ቀይ ቀለበት እንዳለ ተውኩት። አሁን ቶክኑ ላይ ሳይቀር ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።