ስታንሊ ከወረዳችሁ የመልስ ብር ላይ ንቁ

በክሩዝ መርከብ የምትሠሩ፣ ፎክላንድ ደሴቶች (ደቡብ አትላንቲክ ላይ ያለው የእንግሊዝ ግዛት) ደርሳችሁ ለሁለት ሰዓት ስታንሊ ከተማ ብትወርዱ ይቺን ያዙ። ሱቅ ገብታችሁ በእንግሊዝ ፓውንድ ስትከፍሉ፣ መልሱ የፎክላንድ ፓውንድ ሊሆን ይችላል። በችኮላ ኪሳችሁ ከከተታችሁት አለቀ። መርከቡ ከደሴቱ ከራቀ በኋላ የሚቀበላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያሉ ሱቆች እንኳን አይቀበሉትም።

መላው ቀላል ነው። ባለ 5 እና ባለ 10 የእንግሊዝ ፓውንድ ይዛችሁ ውረዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ «መልሱን በእንግሊዝ ፓውንድ ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?» በሉ። ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ለአንድ ስለሚመነዘሩና ከተማው ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ ሻጩ ካለው ለመስጠት አይቸገርም። ዋናው ነገር ቀድሞ መጠየቁ ነው። ዶላር የሚቀበሉ ሱቆችም አሉ፤ ግን መልሱ ያው የአገሬው ገንዘብ ይሆንባችኋል።

ካርድ የሚቀበል ሱቅ ካገኛችሁ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ለማስታወሻ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ባለ 1 ፔኒዋን ሳንቲም ጠይቁ። ፔንግዊን አለባት፣ በጣም ታምራለች።