ድሬ ላይ ሰፕላይ ቼይን ለምትማሩ፦ አንድ እቃ ያዙና ተከተሉት

ዘንድሮ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን (እቃ ከምንጩ ተነስቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ያለው ጉዞ) የደረሳችሁ ልጆች እንኳን ደስ አላችሁ። ግማሻችሁ አካውንቲንግ ሞልታችሁ ሳይደርሳችሁ ቀርቶ እንደገባችሁ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዛ ነው የገባሁት። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሃንድአውት ስሸመድድ ነው የከረምኩት፣ ዴፊኒሽኑን ከነኮማው እችለዋለሁ ግን እናቴ "ምንድነው የምትማረው?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ነገሩ የገባኝ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ እቃ ይዤ ከየት መጣ የት ገባ ማለት ስጀምር ነው። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ ዛሬ አንድ እቃ ምረጡና እስክትመረቁ አትልቀቁት።

እቃው ሩዝ ይሁን፣ ዘይት ይሁን፣ ሲሚንቶ ይሁን ግድ የለም። ድሬ ለዚህ ትምህርት የምትመች ከተማ ናት፣ የተቆረቆረችውም እኮ የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ስለደረሰ ነው። አሁን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ 2014 ነሐሴ ላይ ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተከፈተ። ሌላ ቦታ ያለ ተማሪ በስላይድ የሚያየውን እናንተ ባጃጅ ይዛችሁ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። የከዚራውን አሮጌውን ባቡር ጣቢያ ራሱ ሄዳችሁ እዩት፣ የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ አዲሱ 1.435 ሜትር፣ ስለዚህ የድሮው ፉርጎ አዲሱ ላይ አይሄድም። ስታንዳርዳይዜሽን የሚባለው ቻፕተር ይሄው ነው በቃ።

እኔ የያዝኩት ሩዝ ነበር። ቀፊራ ገበያ በጅምላ የሚሸጥ የሰፈራችን ሰውዬ አለ፣ ኢኮኖሚክ ኦርደር ኳንቲቲ (አንድ ጊዜ ስንት ብናዝ ወጪው እንደሚያንስ የሚያሰላው ፎርሙላ) የተማርን ሳምንት ፎርሙላዬን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ለስሌት እንዲቀል እንዲህ እንበል፦ በዓመት 1,200 ጆንያ ይሸጣል፣ አንድ ጊዜ ባዘዘ ቁጥር ለአይሱዙ፣ ለወዛደር፣ ለስልክ ምናምን 600 ብር ይወጣበታል፣ አንድ ጆንያ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ ደግሞ በኪራዩም በአይጡም በታሰረው ብርም 40 ብር ይበላል። ሁለት ጊዜ 1,200 ጊዜ 600፣ ለ40 ሲካፈል 36,000፣ ስኩዌር ሩቱ 190 አካባቢ። ፎርሙላው በየሁለት ወሩ 190 ጆንያ እዘዝ ይላል፣ ሰውየው ግን 40፣ 40 እያለ በዓመት 30 ጊዜ ነው የሚያመጣው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ የሱ አካሄድ 30 ጊዜ 600 18,000፣ በአማካይ መጋዘን የሚቀመጠው 20 ጆንያ ጊዜ 40 ደግሞ 800፣ በዓመት 18,800 ብር ያስወጣዋል፣ የፎርሙላው ወደ 7,600። ይሄን ሳሳየው "አቦ የ190 ጆንያ ብር ማን ሰጥቶኝ ነው፣ እሱስ ይሁን የት ላስቀምጠው?" አለኝ። ልክ ነው፣ መጋዘኑ ከ60 በላይ አይዝም። ያን ቀን የገባኝን አስተማሪው ክላስ ላይ አልነገረንም፦ ፎርሙላው የሰውየውን ኪስ አያውቅም፣ ዋጋ ነገ እንደሚጨምርም አያውቅም፣ የ11,200 ብሩ ልዩነት ግን ሰውየው ካፒታልና ቦታ ስላጣ በየዓመቱ የሚከፍለው ቅጣት ነው። ፈተና ላይ "ሊሚቴሽኑን ጻፍ" ሲባል ከሃንድአውት አራት ነጥብ ከምትሸመድዱ ይሄን አንዱን ሰውዬ አስቡ።

ቡልዊፕ ኢፌክት የሚባለውም (ትንሽ የፍላጎት ለውጥ ወደ አስመጪው በሄደ ቁጥር እየተጋነነ ሲሄድ) እንደዛው ነው። መንገድ ሊዘጋ ነው ተብሎ ሲወራ ሰፈር ውስጥ አንድ ሊትር ዘይት የምትገዛው እናት ሦስት ትገዛለች፣ ባለሱቁ ገበያ ደራ ብሎ ከጅምላው አስር ካርቶን ያዛል፣ ጅምላው ደግሞ ከአስመጪው እጥፉን፣ መንገዱ ሳይዘጋ ሲቀር ሁሉም መጋዘን ዘይት ታቅፎ ይቀመጣል። ሰው የሚበላው ዘይት ግን ያው ነው፣ አልጨመረም። ጫት የመረጠ ልጅ ካለ ደግሞ ጎበዝ፣ የጫት ገበያዋ አወዳይ ሄዶ ማየት ነው፣ እዛ ሊድ ታይም (እቃ ከታዘዘ እስኪደርስ ያለው ጊዜ) በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው የሚቆጠረው፣ የጠዋቱ ጫት ማታ ላይ ያው ጫት አይደለም።

ዶክመንት ላይ ጊዜ ስጡ፣ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዛ ነው። ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)፣ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ የሚያረጋግጥበት)፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የታሸገው እቃ ዝርዝር)፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ)፣ እያንዳንዱን ማን ያወጣዋል ለማን ይሰጣል ብላችሁ በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ሳሉት። ኢንኮተርምስ 2020 (ወጪውንና ሪስኩን ሻጭና ገዢ የሚካፈሉባቸው ዓለም አቀፍ ውሎች) አስራ አንድ ነው፣ ሁሉንም እኩል አትሸምድዱ፣ ኤፍኦቢና (ሻጩ መርከብ ላይ እስኪጭን ብቻ የሚከፍልበት) ሲአይኤፍን አጥርታችሁ ያዙ። ሲአይኤፍ ላይ ሻጩ የመርከብና የኢንሹራንስ ስለከፈለ ሪስኩም ጅቡቲ ድረስ የሱ ይመስላል፣ አይደለም፣ እቃው መነሻው ወደብ መርከብ ላይ ሲጫን ሪስኩ ወደ ገዢው ያልፋል። እኔ ራሴ ሚድ ላይ ተሳስቼዋለሁ። መልቲሞዳልና ዩኒሞዳልንም እንዲሁ፦ በመልቲሞዳል አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ እስከ ደረቅ ወደብ ድረስ ይጠየቃል፣ በዩኒሞዳል ግን አስመጪው ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይዞ ጅቡቲ ላይ ራሱ ይረከባል። ለምን ሁሉ ነገር ጅቡቲ ጅቡቲ ይላል ካላችሁ ደግሞ፣ ግንቦት 1990 የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ስለተዘጋብን ነው።

ሰው ስትጠይቁ የክላስ ቃል አትጠቀሙ፣ "ሊድ ታይማችሁ ስንት ነው" ብትሉት ማንም አይመልስላችሁም። እኔ አንድ የተሳቢ ሹፌር ሻይ ጋበዝኩና "ጋሼ ከተነሱበት እስኪያራግፉ የት የት ቆማችሁ?" አልኩት፣ በጣቱ ቆጠረልኝ፣ ወረፋ ሦስት ቀን፣ ጭነት አንድ ቀን፣ ፍተሻ ሁለት ቀን፣ ማራገፊያ ጋ ደግሞ አንድ ቀን፣ ጎማው የዞረው ሁለት ቀን ብቻ። ከዘጠኝ ቀን ሰባቱ ቆሞ ነው ማለት ነው። ይሄን ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፣ አራተኛ ዓመት ሪሰርቼ የወጣው ከዛች ገጽ ነው። ስለዚህ ደብተር ይኑራችሁ፣ ቀን፣ ቦታ፣ የሰውየውን ስራ ጻፉ፣ ስም አትጻፉ፣ ሰው ስሙን ስትጽፉ ይፈራል። ሂዱ ስላችሁ ደግሞ ጠዋት በ1 ሰዓት ነው፣ ከ5 ሰዓት በኋላ በዛ ሙቀት ማንም ቆሞ አያወራችሁም።

አፓረንትሺፕ (መስሪያ ቤት ገብቶ የተግባር ልምምድ) ላይ እኔ ተጎድቻለሁ። የተመደብኩበት ቦታ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሱኝ ቆዩ፣ መጋዘን የገባሁት መጨረሻ ሳምንት ላይ ነው፣ እሱም እቃ ክፍሏ ሴትዮ አዝናልኝ ነው። በዛች ሳምንት ሞዴል 19 የሚባለው ቅጽ ለገቢ እቃ፣ ሞዴል 22 ለወጪ እቃ እንዴት እንደሚሞላ፣ ቢን ካርዱ (የእቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ የተጻፈውና መደርደሪያው ላይ ያለው ለምን እንደሚለያይ አሳየችኝ። ከሁለቱ ወር የተረፈኝ እሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ላይ "እቃ ክፍል መቀመጥ እፈልጋለሁ" በሉ፣ አትፈሩ፣ እምቢ ካሉ ሳምንት ሳይሞላ ለአድቫይዘራችሁ ተናገሩ፣ ከወር በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ኤክሴል ቪሉካፕና (ከሰንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው) ፒቮት ቴብል (ዳታ የሚያጠቃልለው) እስክትችሉ ድረስ ተለማመዱ፣ የያዛችሁትን እቃ ዋጋ በየሳምንቱ እሱ ላይ መዝግቡ፣ ሦስት ዓመት የመዘገበ ልጅ ፎርካስቲንግ (የወደፊቱን መገመት) ሲማር የራሱ ዳታ አለው። መውጫ ፈተናው 50 ከመቶ ነው የማለፊያው፣ የመጨረሻውን ሴሚስተር ብቻ አትጠብቁ፣ በየዓመቱ ክረምት ላይ ያለፈውን ኮርስ አንድ ጊዜ ከልሱ።

አንድ የቀረኝ፣ ደረቅ ወደብም ኢንዱስትሪ ፓርክም ያለ ደብዳቤ በር ላይ ነው የምትመለሱት። ሴሚስተሩ እንደጀመረ ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ማህተሙ በደንብ መታየቱን እዩ፣ ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱን ጥበቃው ያስቀረዋል። ውስጥ ስትገቡ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፣ ሳይፈቀድ ፎቶ ያነሳ ልጅ ካለ በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ግሩፕ አያስገቡም።