ፊት ላይ ብጉር ሲወጣ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብጉር ያወጣ ሰው ሐሙስ ጂማ ሂርማታ ገበያ ብቅ ካለ መካሪ አያጣም። አንዱ ፌጦ ይላል፣ ሌላዋ ሎሚ፣ ሦስተኛው የጥርስ ሳሙና። ሦስቱንም ተዉአቸው።

ከቆዳችን ሥር ቅባት የሚያመነጩ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በጉርምስና ሆርሞን ሲጨምር ቅባቱም ይበዛል። ከሞተ ቆዳ ጋር ተቀላቅሎ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ቦታው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ስለዚህ ነገሩ የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም። ፊትን መፈተግ ቆዳውን ያስቆጣዋል እንጂ ብጉሩን አያነሳውም።

መጀመሪያ የሚያባብሰውን አስወግዱ። ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ሌሊት ወደ ግንባር ይወርዳል፤ ቀዳዳም ይደፍናል። ሻሽ እሰሩ፣ ጠዋት ግንባራችሁን ታጠቡ፣ የትራስ ልብሱንም ቀይሩ። ከቅቤው የሚብሰው ግን ፊት ያጠራል ተብሎ የሚሸጠው ክሬም ነው። አንዳንዱ ስቴሮይድ የሚባል፣ እብጠትና መቅላት የሚቀንስ መድኃኒት አለበት። ለጥቂት ጊዜ ፊት ያምራል፣ ሲቆይ ራሱ ብጉር ያወጣል። ብዙ ጊዜ የተቀባችሁ በድንገት ካቆማችሁ ሊያገረሽ ስለሚችል ሐኪም አማክራችሁ ተዉት።

ቀጥሎ አስተጣጠብ። ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ በጣት ጫፍ። የልብስ ሳሙና አይሆንም።

አሁን ቤት ውስጥ ሊቀባ ወደሚችለው፣ ወደ እሬት። ወፍራም ቅጠል ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። «እንደ እሬት መረረኝ» የሚያሰኘው እሱ ነው፤ ቆዳንም ያሳክካል። ሩብ ሰዓት ያህል ይፍሰስ። ከዚያ ቅጠሉን እጠቡ፣ እሾሃማውን ጠርዝ በሁለቱም በኩል ቁረጡ፣ ልጣጩን ግፈፉ። መሃል ላይ እንደ መስታወት የጠራ ዝልግልግ ይቀራል። የሚፈለገው ይሄ ብቻ ነው። መጀመሪያ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካላሳከከ፣ ካላቀላ፣ ማታ ማታ ፊታችሁን ታጥባችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በአገራችን ብዙ ዓይነት እሬት ይበቅላል፤ ዱር ያገኛችሁትንና የማታውቁትን አትሞክሩ። እሬት የተቆጣ ቆዳን ያበርዳል፣ ብቻውን ብጉር ይነቅላል ግን አልልም።

ለጂማ ሰው ማር ብርቅ አይደለም። ስኳር ያልገባበትን ማር ስስ አድርጎ ለ15 ደቂቃ ቀብቶ መታጠብ ይቻላል። ባክቴሪያ ያዳክማል፤ ከዚያ በላይ ግን ተአምር አትጠብቁ። እርድ የሚጨምሩበትም አሉ። ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ሥራ ሲገቡ ነው ነገሩ የሚገባቸው።

ሎሚውስ? አሲዱ ኃይለኛ ነው፤ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ቆዳ ላይ ሲቆዩ ያቃጥላሉ፣ ውሃ ያስቋጥራሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቃጠሎ የሚተወው ጥቁር ምልክት ከብጉሩ ይልቅ ይቆያል። ማፍረጥም ያው ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

ለውጥ ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ካልተሻለ ፋርማሲ ሄዳችሁ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የሚቀባ የብጉር መድኃኒት ጠይቁ፤ በ2.5 ፐርሰንት መጀመር ይሻላል። ፎጣና ትራስ ስለሚያነጣ ነጩን አውጡ። ብጉሩ ጠጣር ከሆነ፣ ካመመ ወይም ጠባሳ መተው ከጀመረ ግን እሬቱን አስቀምጡና ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ማንኛውንም የብጉር መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ትንገር፤ ጽንስ የሚጎዱ አሉባቸው።