ደብረ ብርሃንን በሁለት ቀን እንዴት እንጎብኝ? (የበግ ጠጉሩን ብርድ ልብስ፣ ባናውን ሳንረሳ)

መጀመሪያ ወፍራም ጃኬት ያዙ። ቀልዴን አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአዲስ አበባ ሹራብ እዚያ ዋጋ የለውም። ብርድ ልብስና ደብረ ብርሃን አብረው የሚጠሩትም ያለ ነገር አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው ፋብሪካ ያመረተውን ለብሰን ያደግን ብዙ ነን።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጠዋት ተነሱ። ከዚያ በፊት ግን እዚያ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

እንደደረሳችሁ ሥላሴን ተሳለሙ። ከተማዋን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ከሰማይ ብርሃን ታየ ይባላል፤ ስሟም ከዚያ መጣ።

ከዚያ ወደ ገበያ። የመጣችሁበት ጉዳይ እዚህ ነው። የመንዝ ባና ጠይቁ። ፋብሪካ ሳይኖር የደጋው ሰው ብርዱን የሚችለው በዚህ ነበር። የበጉ ጠጉር ተሸልቶ ይነደፋል። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ከዚያ በሙቅ ውሃ በእግር እየተረገጠ ይጠብቃል። ጥቁሩም ቡኒውም የበጉ የራሱ መልክ ነው።

ስትገዙ ባናውን ወደ ፀሐይ አንሱት። ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ሽመናው ሳስቷል። ስፌቱን በጣት ሳብ ሳብ አድርጉት። በጣም ከለሰለሰ ጠርጥሩ፤ የደህና ባና ወጉ መኮስኮስ ነው። በግ በግ ይሸታል፣ ምንም አይደል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይቀንሳል። ዋጋ ላይ አትፈሩ፤ «አባባ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» በሉ። ሁለቴም በሉ።

ማታ የገብስ ቆሎና አንድ መለኪያ የአገሩ አረቄ። አንድ ያልኩት አውቄ ነው።

በማግስቱ አንኮበር፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ምኒልክ አዲስ አበባን ሳይቆረቁሩ መቀመጫቸው ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ታያላችሁ። ሰዓት ከተረፋችሁ ወደ አልዩ አምባ ውረዱ፤ የድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ናት። እዚያ የሚኖሩት አርጎባዎችም በጥጥ ሽመና የታወቁ ናቸው።

ቤት ስትመለሱ ባናውን በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ እጠቡት። እኔ የመጀመሪያውን ባናዬን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት፣ ያውም በሙቅ ውሃ። ማሽኑ የረጋጮቹን ሥራ ከመጀመሪያው ደገመው። አሁን የድመቷ መኝታ ነው።